የፕሮቫንስ ቅጠል ድብልቅ በቤት ሲዘጋጅ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ ለበግ ጥብስ፣ ለተጠበሰ ቲማቲም፣ ራታቱይ ለተባለው የአትክልት ወጥና በወይን ጠጅ ቀስ ብሎ ለሚበስለው ዶብ ለተባለው የበሬ ሥጋ ወጥ የሚጨመረው የደረቀ ቅጠል ድብልቅ «ኤርብ ደ ፕሮቫንስ» ይባላል። ስሙ በሕግ የተጠበቀ ስላልሆነ ማንም ያሻውን ቀላቅሎ፣ ቅጠሉንም ከሌላ አገር አስመጥቶ በዚሁ ስም መሸጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ግን ላቤል ሩዥ የተባለው የፈረንሳይ የጥራት ምልክት የሚሰጠው መጠኑ ለታወቀ ድብልቅ ነው፦ ከ100 ግራም ውስጥ 26 ግራም ሮዝመሪ፣ 26 ግራም ሳሪየት፣ 26 ግራም ኦሬጋኖ፣ 19 ግራም ታይምና 3 ግራም ባዚል። ሮዝመሪ ያው የእኛ የጥብስ ቅጠል ነው፤ ታይም የጦስኝ፣ ባዚል የበሶብላ ወገን ናቸው። ሳሪየት ደግሞ ቁንዶ በርበሬን የሚያስታውስ የማቃጠል ባሕርይ ያላት ትንሽ ቅጠል ናት፤ ካልተገኘች ድርሻዋን ለታይምና ለኦሬጋኖ አካፍሉና ምግቡ ሲሠራ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት።

ድብልቁ አልጥም ሲል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መጠኑን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቅጠሉ እንዴት እንደደረቀ ነው።

ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። የእነዚህ ቅጠሎች ሽታ ያለው በገጻቸው ላይ ባሉ ዓይን በማያያቸው የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ በሙቀት ይተናል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ የከተተ ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው ቤቱን ያውደዋል፤ ያ ሽታ ግን ከቅጠሉ እየወጣ ያለው ሀብት ነው። ፀሐይ በዚያ ላይ አረንጓዴውን ቀለም ወደ ቡናማ ትለውጠዋለች።

መፍትሄው ጥላና ነፋስ ነው። ፕሮቫንስ በዚህ ታድላለች፦ ሚስትራል የሚሉት ደረቅ የሰሜን ነፋስ በሮን ወንዝ ሸለቆ ወርዶ አገሩን ሁሉ ያደርቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው በጋ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሲሆን ክረምቱ ግን በፍጹም አይሆንም። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት ቁረጡ። ታይምን አበባው ሊፈነዳ ሲል መቁረጥ ይመረጣል። እፍኝ የማትሞላ እስር አድርጋችሁ ቁልቁል ስቀሉት፤ እስሩ ከወፈረ መሐሉ አየር አያገኝም። በኦቨን ካላደረቅን የምትሉ ሙቀቱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን፣ በሩም ገርበብ ይበል። ብዙ ኦቨኖች እስከዚያ ዝቅ አይሉም፤ እንዲህ ከሆነ አምፖሉን ብቻ አብርታችሁ ተዉት።

አደራረቁ ደኅና ሆኖም ድርቆሽ ካለ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ ዕድሜ ነው፤ ሙሉ ቅጠል ዓመት ያህል ይቆያል፣ የተፈጨው ግን ከስድስት ወር በኋላ ይደክማል። ሌላው አጨማመር ነው። የደረቀ ቅጠል እንደ እርጥቡ መጨረሻ ላይ ጣል አይደረግም፤ ከሽንኩርቱ ጋር ዘይት ውስጥ ገብቶ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አብሮ መብሰል አለበት። ሽታው አንዴ የጠፋ ቅጠል ግን መድኃኒት የለውም። እጥፍ አድርጎ መጨመርም ምሬቱን ብቻ ነው የሚያበዛው።

ባዚሉ ጠቆረ

ባዚል ስስና ውኃ የበዛበት ቅጠል ነው። ሲቀጠቀጥ ወይም በቢላ ሲከተፍ የተጎዳው ቦታ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅም እንደዚሁ። ሳትከትፉ ቅጠል ቅጠሉን ለቅማችሁ ወንፊት ላይ ሳይደራረብ አስጡት፣ ከሌሎቹም ለይታችሁ አድርቁት። እኔ እንዲያውም ያልተሳካለትን ሰው ተወው እላለሁ፤ ከመቶ ሦስት ግራም ለጎደለ ማንም አያውቅበትም። የእኛ የደረቀ በሶብላ የዚያው ወገን ቢሆንም ሽታው ከሜዲትራንያኑ ይለያል። በ3 ግራም ልክ አያስቸግርም፣ ከዚያ ካለፈ ግን ራታቱዩ ወደ ሽሮ ማዘንበል ይጀምራል።

ፓርስሊ፣ ታራጎንና ቸርቪል አድርቃችሁ «ፈረንሳይኛ ነው» ብላችሁ አትጨምሩ። እነሱ «ፊን ዘርብ» የሚባለው ሌላ ቡድን አባላት ናቸው፣ ቦታቸውም ኦሜሌት ላይ በእርጥቡ ነው።

ብልቃጡ ውስጡ ላብ አወጣ፣ ወይም ሻገተ

ቅጠሉ ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ፣ በተለይም እንጨቱ፣ ውኃ ይዞ ነበር ማለት ነው። ሮዝመሪ በዚህ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሳይ በመሆኑ ሳይደርቅ የደረቀ ይመስላል። የደረቀ ቅጠል በጣት ሲታሽ ይደቃል፣ እንጨቱም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከተለመጠ ገና ነው።

ከመደባለቃችሁ በፊት እያንዳንዱን ለየብቻ ብልቃጥ ውስጥ ከድናችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። መስታወቱ ላይ ጉም ካያችሁ የዚያን ብልቃጥ ቅጠል አውጥታችሁ እንደገና አድርቁ፣ ሌሎቹ አይነኩም። ሁሉንም ቀላቅሎ ከከደነ በኋላ ያስተዋለ ሰው ግን አንዱ እርጥብ አራቱን ያበላሽበታል። ሻጋታ ከታየ ብልቃጡን እንዳለ ጣሉት፤ የሻገተውን ለቅሞ የቀረውን መጠቀም የለም። ጨው ቀድሞ መቀላቀልም እርጥበት ስለሚስብ ጨውን ለምግቡ ጊዜ አቆዩት።

መድኃኒት መድኃኒት ይላል

ሮዝመሪው በዝቷል። ሮዝመሪ ውስጥ ካምፎር አለ፣ ሲበዛም ያ የቅባት መድኃኒት ሽታ ይመጣል። ይህ የሚሆነው በማንኪያ ሲለካ ነው፦ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ሮዝመሪ ከአንድ ማንኪያ ለስላሳ የኦሬጋኖ ቅጠል በክብደት ይበልጣልና «እኩል እኩል» ያላችሁት እኩል አይደለም። በሚዛን ለኩ። ቀድሞ ለተደባለቀው ኦሬጋኖና ታይም ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት፣ ከድናችሁም ጥቂት ቀናት አሳድሩትና ቅመሱት። ሲቀመስ ደግሞ ደረቁን ምላስ ላይ አይደለም፤ ቆንጠር አድርጋችሁ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ውስጥ ከጨመራችሁ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ በዳቦ አጥቅሳችሁ ነው።

ጉሮሮ ይወጋል

ይህም የሮዝመሪ ጉዳይ ነው፤ መርፌ መሳዩ ቅጠል ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ወጥ ውስጥም በደንብ አይለሰልስም። ሮዝመሪውን ብቻ ለይታችሁ በሙቀጫ ውቀጡት፣ ሌሎቹን በእጅ ማሸት ይበቃል።

ሳሙና ሳሙና ይላል

ላቬንደር ገብቶበታል። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ብዙ ድብልቆች ውስጥ ይገኛል፣ በላቤል ሩዥ ዝርዝር ውስጥ ግን እንደምታዩት የለም። የፕሮቫንስን ሜዳ በሐምራዊ ቀለም ያለበሰው ተክል ሁሉ ድስት ውስጥ ይግባ የሚል ሕግ የለም። ከወደዳችሁት ለ100 ግራም ድብልቅ ከአንድ ግራም አይለፍ፣ ዓይነቱም ለምግብ የሚሆነው እውነተኛው ላቬንደር ይሁን፤ ለሽቶና ለሳሙና የሚመረተው ላቫንዳን የሚባለው ዲቃላ ካምፎሩ ይበዛል።

ሲበላ ይንቀጫቀጫል

አፈር ነው። ታይም መሬት ለመሬት የሚሄድ ተክል ስለሆነ አሸዋ አያጣውም። ከገበያ በተገዛ ጦስኝ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ጦስኝ ከፕሮቫንሱ ታይም ጋር አንድ ወገን ነው፣ ዝርያው ግን ሌላ ነው፤ ሽታው ብርቱ ስለሆነ በ19 ግራሙ ፈንታ በ12 ብትጀምሩ ይሻላል። እርጥቡን በውኃ ነከር አድርጋችሁ ወዲያው አራግፉት፣ በፎጣም አድርቁት። ደርቆ ከተገዛ አይታጠብም፦ ቅጠሉን ሳታሹ ወንፊት ላይ አንገዋሉት፣ አፈሩ ይወርዳል። ቀጥሎ በእጃችሁ አሽታችሁ ቅጠሉን ሌላ ዕቃ ላይ አውርዱት፣ እንጨቱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ሥጋው ላይ አርሮ መረረ

ደረቅ ቅጠል ፍም ላይ በሚጠበስ ሥጋ ላይ በደረቁ ከተነሰነሰ ከሥጋው ቀድሞ ያራል። በወይራ ዘይት ለውሳችሁ ሥጋውን ከመጥበሳችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ቀቡት፣ ከፍሙም ራቅ አድርጉት። ስስ ዓሣ ከሆነ ግን ቅጠሉን ሆዱ ውስጥ ክተቱት።

ተጓጉሎ ብልቃጡ ሥር ተጣበቀ

እንፋሎት ነው። ብልቃጡን በሚፈላ ድስት ላይ ዘቅዝቆ መነስነስ የሁላችንም ልማድ ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ግን እርጥበት ይገባል። መዳፋችሁ ላይ አፍስሱና ከዚያ ድስቱ ውስጥ ጨምሩ፣ ብልቃጡንም ከምድጃው አጠገብ አንስታችሁ ብርሃን የማያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሩት።