ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ኮኔክሽን ዳታቤዙን ሲያቆም

ሲስተሙ ድንገት ቀጥ አለ። የሰርቨሩ ሲፒዩ ግን ዘና ብሏል፣ ዲስኩም ሰላም ነው። እንዲህ ሲሆን ነገሩ የጭነት ሳይሆን የሎክ (አንዱ ሥራ ቴብሉን ይዞ ሌላውን የሚያስጠብቅበት ቁልፍ) ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። እያንዳንዱ ኮኔክሽን ምን ላይ እንዳለ የሚያሳየውን፣ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን ቪው አየሁ። ብዙ ኩዌሪዎች (ለዳታቤዙ የተላኩ ትእዛዞች) ሎክ እየጠበቁ ተደርድረዋል። ማን ማንን እንደያዘ ለማወቅ ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ የሚለው ፈንክሽን ግሩም ነው፤ ከ9.6 ቨርዥን ጀምሮ አለ። የቆመውን ፕሮሰስ ቁጥር ስትሰጡት ያገዱትን ቁጥር ይመልሳል።

ሰልፉን ወደ ላይ ተከተልኩት። ሴሌክቶቹን (ዳታ የሚያነቡትን ኩዌሪዎች) ያገደው ቴብሉ ላይ ኮለም ሊጨምር የመጣ አልተር ቴብል የሚባል ትእዛዝ ነው። እሱም ራሱ ቆሞ ይጠብቃል! ብዙ ሰው እዚህ ላይ አልተሩን ገድሎ ያልፋል። ሰልፉ ይለቀቃል፣ አልተሩ እንደገና ሲሞከር ግን ያው ነው። አንድ ደረጃ ስወጣ ሥሩ ተገኘ፦ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሆነ ኮኔክሽን። ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም የሚሰረዙ ሥራዎች ጥቅል) ከፍቶ፣ አንዲት ሴሌክት ሠርቶ፣ ኮሚትም (ማጽደቅ) ሮልባክም (መሰረዝ) ሳያደርግ የተቀመጠ። የሴሌክት ሎክ ቀላል ቢሆንም ትራንዛክሽኑ እስኪያልቅ አይለቀቅም። አልተሩ የሚፈልገው ሎክ ደግሞ ከማንም ጋር አይስማማም፤ ከኋላው የመጣው ሁሉ ይሰለፋል።

እየሠራ ያለ ኩዌሪን የሚሰርዘው ፒጂ ካንስል ባክኤንድ እዚህ አያዋጣም፤ የሚሰረዝ ኩዌሪ የለማ። በፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ኮኔክሽኑን ዘጋሁት። ወዲያው ሁሉም ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ እንዲህ የተቀመጠን ኮኔክሽን በራሱ የሚዘጋውን አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውትን 60 ሰከንድ አደረግኩት፤ ካልነካችሁት 0 ነው፣ ማለትም አይሠራም። ከእያንዳንዱ አልተር በፊትም ሎክ ታይምአውት 3 ሰከንድ እሰጣለሁ፤ በዚያ ጊዜ ሎኩን ካላገኘ መጠበቁን ይተዋል።