ሁለት ሳምንት የተባለው ኪችን ለምን ሁለት ወር ይፈጃል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለውን ቤቴን ኪችን ላሳድስ ስነሳ ባለሙያው «ሁለት ሳምንት ቢበዛ» አለኝ። ሁለት ወር ከአራት ቀን ፈጀ። ሰውየው ውሸታም አልነበረም። የቆጠረው የራሱ እጅ የሚሠራበትን ቀን ብቻ ነው። ልስን የሚጠነክርበትን፣ ካቢኔት የሚሠራበትን፣ ግራናይት ቆራጭ ጋ ወረፋ የሚጠበቅበትን ማን ይቁጠርለት? እኔም አልቆጠርኩም።

ችግር፦ ሴራሚኩ አልቋል፣ ካቢኔቱ የለም

ግድግዳው አምሮበታል፣ ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ እናንተ ግን ሳሎን ውስጥ ቡታጋዝ ላይ ሽሮ ትሠራላችሁ። ሦስት ሳምንት።

ምክንያቱ ካቢኔት ሠሪው ልኬት የሚወስደው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ኤምዲኤፉን (ካቢኔቱ የሚሠራበትን የተጨመቀ እንጨት ጣውላ) የሚገዛውም ቀብድ ሲቀበል ነው። ከፊቱ ደግሞ የሌላ ሰው ቁምሳጥን አለ።

መፍትሄው ልስኑ እንዳለቀ ማስለካት ነው። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው በአንድ ግድግዳ ወደ 2 ሳንቲም ይወስዳል፤ ያንን ቀንሶ እንዲይዝ ንገሩት። ግድግዳውን ከታችም፣ ከመሃልም፣ ከላይም ይለካ። የኮንዶሚኒየም ማዕዘን ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ሁሌ ቀጥ አይልም።

ግራናይቱን ግን አታስቸኩሉ። እሱ የሚለካው ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላ ነው። ሲንኩና ምድጃው ያኔ ተገዝተው ቤት ይኑሩ። ቀዳዳው በግምት ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

ችግር፦ የተለጠፈው ሴራሚክ እንደገና ይፈረሳል

ይሄ የእኔ ጉድ ነው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ከሲንኩ ቦታ በላይ ያለው መገጣጠሚያ አልቧል። በጨርቅ ጠረግኩት። ከቡና በኋላ ተመልሼ ሳየው እንደገና እርጥብ ነው። ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያፈስ ነበር። ሥራው ሲሠራ የሰፈራችን ፈረቃ አልነበረም፤ ውሃ ሳይለቀቅበት ተለሰነ። አራት ሴራሚክ ተሰበረ። መርካቶ ሄጄ ያንኑ ዓይነት አመጣሁ፤ ስሙ አንድ ነው፣ ቀለሙ ግን ደብዘዝ ብሏል። ለካ ካርቶኑ ላይ የምርት ዙር ቁጥር አለ፤ እሱ ካልገጠመ ቀለሙም አይገጥምም። አሁንም እንግዳ ሲመጣ ዓይኔ እዚያው ነው።

ስለዚህ ቧንቧው ሳይለሰን የመስመር ውሃ የሚመጣበት ቀን ይጠበቅ። ጫፎቹ ተደፍነው፣ ውሃው ተለቆበት ይደር። የሮቶ ውሃ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ለፈተና አይበቃም። ሴራሚክ ደግሞ ከልኬቱ 10 በመቶ አብልጣችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ።

መብራቱም እንደዚሁ ከልስን በፊት ነው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ይገባዋል። ከፍሪጁ ሶኬት ጋር ካዳበላችሁት ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ዳግም ይቦረቦራል።

ችግር፦ ልስኑ ተሰነጣጠቀ

ውሃ አልጠጣም። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣ። በርሜል ሙሉ ውሃ ቀድማችሁ ያዙ።

ችግር፦ ሠራተኛው ጠፋ፣ ስልክ አያነሳም

መጀመሪያ ካላንደር እዩ። መስቀል መስከረም 17 ነው፤ ብዙ ባለሙያ ከዚያ በፊት አገር ቤት ገብቶ ቶሎ አይመለስም። ለፋሲካም፣ ለገናም ያው ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ደግሞ አሸዋው ይርሳል፣ ልስኑ አልደርቅ ይላል፣ የእኛን ሰፈር ጭቃ እያየ ዕቃ የሚያመጣ ሹፌርም ዋጋ ይጨምራል። እኔ ብመርጥ ከጥር አጋማሽ በኋላ እጀምራለሁ።

በዓል ካልሆነ ሌላ ሳይት ይዟል ማለት ነው። ግማሹን ቀድሞ የተቀበለ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? ክፍያውን በየደረጃው አድርጉት፤ የመጨረሻው የሚከፈለው ሲንኩ ውሃ ሲያወርድ ይሁን።

ታዲያ ስንት ቀን እንያዝ?

በእኔ ስሌት ለአንድ ትንሽ ኪችን ማፍረስ 3 ቀን፣ ቧንቧና መብራት ከነፈተናው 5፣ ልስን 2፣ ውሃ ማጠጣት 7፣ ሴራሚክ 5፣ ካቢኔት 21፣ መግጠም 3፣ ግራናይት 7። ተራ በተራ ከሄደ 53 ቀን ነው። ልስኑ እንዳለቀ ካቢኔቱን ካስለካችሁ ግን ውሃ ማጠጣቱና ሴራሚኩ ካቢኔቱ በሚሠራበት ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ፤ 41 ቀን ይሆናል። እኔ ከዚያ ላይ አሥር ቀን ለ«ነገ እመጣለሁ» እይዛለሁ።

መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ምጣዱ የት እንደሚሄድ ወስኑ። የእኔ ጎረቤቴ ጋ ከርሞ ነበር፤ እኔም በየሦስት ቀኑ ሊጤን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ከረምኩ።