ሁለቱ መሳሎች፦ ብረት ላይ ሐረግ ለሚቀርጹ ጀማሪዎች የችግርና መፍትሔ መመሪያ

በጠመንጃ አካል ላይ የሚቀረጸውን የሐረግ ጌጥ መለማመድ የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ይላል። እኔም ፒያሳ ከአንድ አዛውንት ብር ሠሪ አጠገብ ተቀምጬ ስለማመድ ይህንኑ ብል፣ «ልጄ፣ እጅህን ተወው፤ አንተ ገና ሁለቱንም መሳል አላወቅህም» አሉኝ። የቃል ጨዋታ ቢመስልም እውነት ነበረው፤ ከጀማሪ ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው ወይ የመቅረጫው ስለት በወጉ ባለመሳሉ፣ ወይ ሐረጉ በወረቀት ላይ በወጉ ባለመሣሉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ከሁለቱ ወደ አንዱ ያመራሉ።

የዚህ ጌጥ መድረሻ ጠመንጃ ቢሆንም መለማመጃው ጠመንጃ ሊሆን አይገባም። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ከመሆኑም ሌላ፣ በመሣሪያው መለያ ቁጥር ላይ ያረፈ መቅረጫ ጌጥ ሳይሆን ጣጣ ነው የሚያመጣው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናስ ወይም የለስላሳ ብረት ላሜራ ቁራጭ ለረጅም ጊዜ ይበቃል።

መቅረጫው ሳይነክስ ይንሸራተታል

ከሁሉ የሚያበሳጨው ይህ ነው። ጫፉ ሸርተት ብሎ በተጠናቀቀ ቅጠል ላይ ረጅም ጭረት ያሰምራል፤ አንዳንዴም የግራ እጅ አውራ ጣት ላይ ያርፋል። ጀማሪው በዚህ ጊዜ አብልጦ መግፋት ይቀናዋል፤ ይህ ግን ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የደነዘ ጫፍ ነው። ለመመርመር ጫፉን ያለ ኃይል በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ማሳረፍና በቀስታ መግፋት ይበቃል፤ ከያዘ ስል ነው፣ ከተንሸራተተ ደንዟል። በአጉሊ መነጽር ሲታይም የደነዘ ጫፍ እንደ ጤዛ ነጥብ ያብለጨልጫል፤ የተሳለ ጫፍ ግን ብርሃን አይመልስም። መፍትሔው በ600 ከዚያም በ1200 ቁጥር የአልማዝ መሳያ ፊቱን (በጫፉ ላይ በዝንባሌ የተቆረጠውን ገጽ) መሳል፣ በመጨረሻም በሴራሚክ መሳያ ማለስለስ ነው። የፊቱ ዝንባሌ ለናስና ለመዳብ 45 ዲግሪ፣ ለብረት ደግሞ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ከጫፉ ሥር፣ መቅረጫውን ከላሜራው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከፍ የሚያደርግ ትንሽ «ተረከዝ» ይሳላል። ይህ ተረከዝ ከሌለ ወይም ዝንባሌው ካነሰ እጅ ወደ ላሜራው ይወርዳል፤ ስሉ ጫፍም ቢሆን እየዘለለ ይንሸራተታል።

ጫፉ ስል ሆኖ እያለ አሁንም አልነክስ ካለ ጥፋቱ የብረቱ ነው። በላሜራው ጠርዝ ላይ አዲስ ሞረድ ይሞከር፤ ሞረዱ ሳይይዝ ከሾለከ ብረቱ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ሌላ ቁራጭ መፈለግ ነው። ብዙ የጠመንጃ አካላት እንዲህ የጠነከረ ገጽ አላቸው፤ «አሙቄ ላለስልሰው» የሚል ሐሳብ ግን አደገኛ ነው፣ ሙቀቱ የጥይቱን ግፊት የሚሸከመውን ክፍል ሊያዳክመው ይችላልና።

ጫፉ ይሰበራል

ምክንያቱ ወይ ፊቱ ለብረት ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፣ ወይ ሠራተኛው በጥልቀት ገብቶ ሲያጣብቀው እንደ ማንኪያ ወደ ላይ ፈንቅሎታል። ዝንባሌውን ወደ 55 ዲግሪ መመለስና አንዱን ጥልቅ መስመር በሁለት ወይም በሦስት ዙር መቅረጽ ይፈውሰዋል። የተጣበቀ መቅረጫ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ አይፈነቀልም።

ጠመዝማዛው ማዕዘን ያወጣል፣ የውጪው ጠርዝም ይቦጫጨቃል

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ማዕዘን የሚወጣው ቀኝ እጅ ስለሚዞር ነው፤ የእጅ አንጓ መዞር የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ቆም ብሎ አያያዙን ሲያስተካክል በመስመሩ ላይ ክርን ይቀራል። መዞር ያለበት ሥራው ነው። የሚሽከረከር ሞርሳ ለሌለው ሰው፣ ላሜራውን እንጨት ላይ አስሮ እንጨቱን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ማስቀመጥና በግራ እጅ ማዞር ይበቃዋል፤ ቀኝ እጅ ባለበት ጸንቶ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። የውጪው ጠርዝ መቦጫጨቅ ግን የተረከዙ መርዘም ምልክት ነው፤ ረጅም ተረከዝ መታጠፍ ስለማይችል ጎኑን እየፋቀ ያልፋል። ለጠባብ ጠመዝማዛ ተረከዙ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለበት። ተረከዙ በደንብ ከለሰለሰ ደግሞ የተቀረጸው መስመር ራሱ ያበራል።

ሐረጉ ሕይወት የለውም

አሁን ወደ ሁለተኛው መሳል ደረስን፤ በእኔ ግምት ከባዱም ይህ ነው። መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሥራው የሞተ ይመስላል። እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ከምጣዱ ዳር ወደ መሐል በእኩል ርቀት ይዞራል፤ የጀማሪ ሐረግ ሁሉ እንዲህ ነው። የሚያድግ ነገር ግን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ መሐል በሄደ ቁጥር ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ቅጠል ከመጨመሩ በፊት ግንዱ ብቻ በእርሳስ ተሥሎ፣ ወረቀቱ ተገልብጦ በመስታወት ይታይ፤ በቀጥታ ሲታይ የተደበቀው ጉብታ ወዲያው ይጋለጣል። አዲሱ ቅርንጫፍም ከግንዱ በማዕዘን ሳይሆን ገባር ወንዝ ከዋናው እንደሚገናኝ ተጠግቶ መውጣት አለበት።

የእኛ አገር ጀማሪ ሌላም ስሕተት ይዞ ይመጣል። ዓይናችን ያደገው በብራና መጻሕፍት ራስጌ በሚሣለው ሐረግና ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትኖሎጂ ሙዚየም በሚታዩት መስቀሎች ላይ ነው፤ እነዚያ በአብዛኛው ስፋቱ እኩል የሆነ ጥብጣብ የተጎነጎነባቸው ናቸው። በኦስትሪያ ፌርላክ፣ በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ወይም በቤልጂየም ሊዬዥ የሚቀረጸው የጠመንጃ ሐረግ ግን ቅጠል ነው፤ ቀጥኖ ይነሣል፣ ይወፍራል፣ እንደገና ይቀጥናል። መስመሮቹ ሁሉ እኩል ከወፈሩ መፍትሔው በጥልቀቱ ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን መቅረጫ በጠለቀ ቁጥር መስመሩ ይሰፋልና፣ ቀለል አድርጎ ጀምሮ መሐሉ ላይ ማጥለቅና ሲጨርሱ ማንሣት ነው። ጽጌረዳ የሚጨመርበትን ጥቃቅኑን የእንግሊዝ ሐረግ መጀመሪያ ባይነኩት ይሻላል፤ ትልቁ ሐረግ ጥፋትን ስለማይደብቅ ያስተምራል።

ሥዕሉ ከላሜራው ላይ ይጠፋል

እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት እርሳስ አይዝም። በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማደብዘዝ፣ ነጭ የውኃ ቀለም በስሱ ቀብቶ ማድረቅ፣ በላዩ በእርሳስ ሠርቶ በሹል መርፌ ቀለል አድርጎ መጫር ይበቃል።

መደቡ ዥንጉርጉር ይሆናል

በቅጠሎቹ መካከል ባለው መደብ ላይ የሚመታው ነጥብ ጥቅጥቅ ካላለ ሐረጉ ከመደቡ አይለይም። ነጥቦቹ እስኪነካኩ ድረስ ይመቱ፤ ከዚያም ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከመድረቁ በፊት ይጠረግ። ጨርቁ ልል ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞት ይወጣል፤ ስለዚህ በጠንካራ ካርቶን ላይ ወጥሮ መጥረግ ያስፈልጋል።