ፊት ሲቀላ እጅን ሰብሰብ ማድረግ፦ ሮዛሺያን የሚያባብሱ ስህተቶች

ጉንጭና አፍንጫ አካባቢ የሚታይ መቅላት መጀመሪያ ላይ መጣ ሄድ ይላል። ፀሐይ ነው፣ ድካም ነው እየተባለ ይታለፋል። አንድ ቀን ግን መጥቶ ይቀመጣል። ያኔ ሰው ይደነግጥና ያገኘውን ሁሉ ፊቱ ላይ መለቅለቅ ይጀምራል። ሮዛሺያ የሚባለው የቆዳ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚብሰው በዚሁ በድንጋጤው ሰዓት ነው።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። በፊት ቆዳ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ስሮች በትንሹም በትልቁም ይሰፋሉ፣ ቆዳውም ይቆጣል። ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል። ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። ጋብ የሚያደርጉት ግን አሉ፣ እኛ ካላበላሸናቸው።

ብጉር ነው ብሎ መደምደም

በመቅላቱ ላይ ትንንሽ እባጮችና መግል የቋጠሩ ቁስሎች ሲወጡ ማንም ሰው ብጉር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው የብጉር መድኃኒት ሲገዛ ነው። አብዛኞቹ ቆዳ የሚያደርቁ ናቸው፤ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ መድረቅን አይወድም። መለያው ቀላል ነው። ብጉር ባለበት ፊት ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎች፣ እነዚያ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሮዛሺያ እነሱን አያመጣም። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ፊት ላይ ይገናኛሉ፤ ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

ሉፐስ የሚባለው በሽታም ጉንጭን ያቀላል። ከመቅላቱ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመምና የማይለቅ ድካም ካለ በክሬም ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

«እኔ ጠይም ነኝ፣ እኔን አያገኘኝም»

ያገኛል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ እንደ ቅላት ስለማይታይ ብቻ ነው የሚያመልጠው። ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከመስታወቱ ይልቅ ስሜትዎን ያዳምጡ፦ ፊትዎ በድንገት ይግላል? ክሬም ሲነካው ይለበልባል? የብጉር መድኃኒት ያላጠፋቸው እባጮች አሉ? ሐኪሞችም ጥቁር ቆዳ ላይ ሲስቱት ይታያል። ፊትዎ በተቆጣበት ቀን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስተው ይዘው ቢሄዱ ሥራውን ያቀሉላቸዋል።

ስቴሮይድ ያለበት ክሬም መቀባት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ስቴሮይድ የቆዳን መቆጣት ቶሎ የሚያበርድ የመድኃኒት ዓይነት ነው። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ ስቴሮይዶች ያለባቸው ክሬሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊቱን ጸጥ ያደርጉታል። ሰውም «በቃ መድኃኒቴን አገኘሁ» ይላል። ሲያቆም መቅላቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ስለዚህ እንደገና ይቀባል። እንዲህ እያለ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ስሮቹም እንደ ክር ይወጣሉ። ሮዛሺያ ያልነበረበት ሰው ላይ እንኳ ተመሳሳዩን ሕመም ሊፈጥር ይችላል።

አንዳንድ የቆዳ ማንጫ ክሬሞች ውስጥም ስቴሮይድ አለ፤ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ የሚሸጥም አለ። «ተአምር» የሚሠራ ክሬም ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል። እንዲህ ያለ ክሬም ሲቀቡ ከቆዩ ደግሞ አይፈሩ፣ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ሲቆም ለሳምንታት መንደድ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ የሚያሻግር ሌላ መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል።

መፈግፈግ

«ካቃጠለ እየሠራ ነው» የሚለውን እምነት ማን እንዳመጣው እንጃ። ለሮዛሺያ ማቃጠል የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። አሸዋ መሰል ማጽጃ፣ እንፋሎት፣ አልኮል ያለበት ቶነር (ፊት መጥረጊያ ፈሳሽ)፣ ሜንቶልና ካምፎር፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ሁሉ ይቅር። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ማጽጃ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ይታጠቡ። በፎጣ አይሹት፣ መታ መታ እያደረጉ ያድርቁት። ከዚያ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ክሬም ይበቃል። አዲስ ነገር ሲገዙ መጀመሪያ አንገትዎ ጎን ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት።

የፀሐይ መከላከያን መተው

ፀሐይ ከዋነኞቹ ቀስቃሾች አንዷ ናት። ብዙ ሰው ግን ሰንስክሪን ስለሚያቃጥለው ይተወዋል። ያቃጠለዎትን ይቀይሩት እንጂ ልማዱን አይተዉ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው፣ የመከላከል አቅማቸው (ማሸጊያው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው) 30 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ለተቆጣ ቆዳ ይሻላሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ሆነው የሚቀሩ ከሆነ ቀለም የተጨመረባቸው አሉ፤ ቅላቱንም ይሸፍናሉ።

ምግብ ሁሉ መከልከል

ቅመም የበዛበት ምግብ፣ አልኮል፣ ትኩስ መጠጥ፣ ንፋስ፣ ንዴት፣ ከባድ ስፖርት፦ የቀስቃሹ ዝርዝር ረጅም ነው። ሁሉንም ከተዉ ግን መኖርም ይከብዳል። አንዱን የሚያነደው ሌላውን አይነካም። ለጥቂት ሳምንታት የበሉትንና የዋሉበትን ይጻፉ፣ የራስዎ ቀስቃሽ ራሱ ይወጣል። ቡናም በከንቱ ይታማል፤ ፊትን የሚያግለው ብዙውን ጊዜ ካፌይኑ ሳይሆን የመጠጡ ሙቀት ነው። ትንሽ በረድ ሲል ይጠጡት።

አፍንጫው የወፈረና የቀላ ሰው ደግሞ «ጠጪ ነው» ይባላል። አልኮል ቅላቱን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ግን በሕይወቱ ጠብታ ያልቀመሰ ሰውም አፍንጫው በዚህ ሕመም ይወፍራል።

መድኃኒቱን በሁለተኛው ሳምንት ማቆም

ሜትሮኒዳዞል፣ 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ እና 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በሚቀባ መልክ ለእባጮቹ ይታዘዛሉ። ለውጡ በደንብ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብሪሞኒዲን የሚባለው ጄል ቅላቱን በሰዓታት ውስጥ ያበርዳል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን አንዳንዱ ላይ ብሶ ይመለሳል። እንደ ክር የወጡ የደም ስሮችን ክሬም አያጠፋቸውም፣ እነሱ የሌዘር ሥራ ናቸው። የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን የሚታዘዝላቸውም አሉ፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

ዓይንን መርሳት

ሮዛሺያ ዓይን ውስጥም ይገባል፣ አንዳንዴ ከቆዳው ቀድሞ። አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆር፣ መድረቅ፣ የዓይን ሽፋን ጫፍ መቅላት፣ የሚመላለስ የዓይን ቡግንጅ ካለ ከፊትዎ ጋር ላያገናኙት ይችላሉ። የቆዳ ሐኪሙም ካልነገሩት ላይጠይቅ ይችላልና ሳይጠየቁ ይንገሩት። እይታዎ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ካሳመመዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።