ለመንግሥት የምርምር ገንዘብ ፕሮፖዛል ስታዘጋጁ፦ በጅማና አካባቢው ለምትሠሩ

የጥሪው ማስታወቂያ እጃችሁ ሲገባ ርዕስ ከማሰባችሁ በፊት አራት ነገር ፈልጉ፦ ማን ማመልከት ይችላል፣ የገንዘቡ ጣሪያ ስንት ነው፣ ፕሮጀክቱ ስንት ዓመት ይቆያል፣ የማይሸፈኑ ወጪዎች የትኞቹ ናቸው። ተሽከርካሪ መግዛት በከለከለ ጥሪ ላይ ፒክአፕ ያስገባ ፕሮፖዛል ሳይንሱ ሳይነበብ ይወድቃል። የነጥብ አሰጣጥ ሠንጠረዥ ከተያያዘ አትማችሁ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት። ለዘዴው 30 ነጥብ፣ ለመግቢያው 10 ነጥብ ተሰጥቶ ሳለ ስድስት ገጽ መግቢያና ሁለት ገጽ ዘዴ መጻፍ በገዛ እጅ ነጥብ መጣል ነው።

ቀጥሎ የጊዜ ሰሌዳውን አውጡ። ብዙ ሰው ይህን መጨረሻ ላይ ይሠራዋል፤ ጅማ ላይ ግን መቅደም ያለበት እሱ ነው። በዙሪያችን የሚሠራ ጥናት የመንግሥትን የበጀት ዓመት፣ ዝናቡንና ቡናውን ማስታረቅ አለበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። በሐምሌ የጸደቀ ገንዘብ በሐምሌ እጅ ይገባል ብላችሁ አታቅዱ፤ ውል መፈረም፣ ሒሳብ መክፈት፣ ግዥ መጠየቅ አለ። ቡናው ደግሞ አይጠብቅም፤ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለ ቡና አደራረቅ የሚያጠና ተመራማሪ የእርጥበት መለኪያውን በመስከረም እገዛለሁ ብሎ ቢያቅድና ግዥው ወደ ጥር ቢገፋ፣ መሣሪያው ሲደርስ የሚለካ ቡና የለም። የአራት ወር መዘግየት አንድ ዓመት ያስከፍለዋል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ጥሪ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ለፈቃድ፣ ለግዥ፣ ለቅድመ ሙከራና ለአርሶ አደር መረጣ ስጡ፤ ዋናውን ልኬት በሁለተኛው ለቀማ ላይ አሳርፉት።

የቤት ለቤት መጠይቅ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በለቀማ ሰሞን ሰው ማሳ ላይ ነው፤ በክረምቱ ደግሞ የገጠር ቀበሌው መንገድ አያስገባም። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ይሻላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ፣ መስክ የምትወጡበትን ዓመት ቀን አይታችሁ ከዚያ ውጪ አድርጉት፤ ካልሆነም ቃለ መጠይቁን ወደ ጧት አምጡት። ይህን በዘዴው ክፍል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አካባቢውን ማወቃችሁን ገምጋሚው ከዚያ ይረዳል።

አሁን ዓላማው። «የጅማን ቡና ጥራት ማሻሻል» ቢባል ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ማንም ሊፈትሸው አይችልም። «በጎማ ወረዳ መሬት ላይና አልጋ ላይ በደረቀ ጀንፈል መካከል ያለውን የኦክራቶክሲን ኤ መጠን ልዩነት መለካት» ብትሉ ግን (ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ አልጋ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ መደብ፣ ኦክራቶክሲን ኤ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው) ቦታው፣ ንጽጽሩና የሚለካው ነገር ታውቋል። ዘዴውም ከዚያ ይከተላል፦ እሸቱ በስንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተዘርግቶ ይሰጣል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይገላበጣል፣ እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪደርስ በየስንት ቀኑ ይለካል፣ ናሙናው ከየትኛው የአልጋው ክፍል ይወሰዳል። ዝርዝር ዓላማዎች ከአራት አይብለጡ። አንድ ዓላማ የራሱ ዘዴ ከሌለው ሰርዙት።

የናሙና ብዛትን በቁጥር አሳዩ። የ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 50 በመቶ ስርጭት (የምታጠኑት ነገር በግማሹ ሰው ላይ ይገኛል የሚል ግምት) እና 5 በመቶ የስህተት ህዳግ ስትወስዱ 385 ሰው ይመጣል። ወረዳን፣ ከዚያ ቀበሌን፣ ከዚያ ቤተሰብን በደረጃ የምትመርጡ ከሆነ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች መልስ ስለሚመሳሰል በ2 አባዙት፤ 770 ይሆናል። ለማይመልሱ 10 በመቶ ሲጨመር 847። ብዙ ፕሮፖዛል እዚህ ላይ በ2 ማባዛቱን ይረሳል፤ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ገምጋሚ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

በጀቱ ከዚህ ቁጥር ይወጣል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን 7 መጠይቅ ከሞላ፣ 847 መጠይቅ 121 የሰው ቀን ይፈልጋል፤ 10 ሰብሳቢ ካላችሁ 13 ቀን። ሁለት ተቆጣጣሪ፣ የሁለት ቀን ሥልጠናና ከጥናቱ ወረዳ ውጪ የአንድ ቀን ቅድመ ሙከራ ጨምሩ፤ 12 ሰው ለ16 ቀን፣ 192 የውሎ አበል ቀን ይሆናል። ይህን በተቋማችሁ ተመን አባዙት፤ ከራሳችሁ ተመን አትፍጠሩ። መጠይቁ ለገጠሩ በአፋን ኦሮሞ መተርጎም አለበት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተርጉመውና ይነጻጸር። የሁለቱንም ተርጓሚዎች ክፍያ በጀቱ ውስጥ አስገቡ።

ከውጭ የሚመጣ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) ላይ ተጠንቀቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ብቻ በጀት የያዘ ፕሮጀክት የሚገዛው ዕቃ በግማሽ ሊቀንስበት ይችላል። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) አያይዙ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን አትርሱ፣ ጥሪው ከፈቀደ መጠባበቂያ ያዙ። ቅዝቃዜ የሚፈልገው ሪኤጀንት ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ሳጥን እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በምን እንደሚሠራም ወጪው ውስጥ ይታይ። የማብቂያ ጊዜው አጭር ከሆነ ግዥውን በሁለት ዙር ክፈሉት። «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ላይ ትልቅ ገንዘብ አታስቀምጡ፤ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ደብዳቤዎች ጊዜ ይበላሉ። በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት የተቋሙን የሥነ ምግባር ግምገማ ቦርድ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለወረዳው ጤና ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልጋል። የቡና ዘር ወይም ቅጠል ውጭ አገር ላብራቶሪ ልካችሁ የምታስመረምሩ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ያልተጻፈበት የዘረመል ጥናት በወረቀት ላይ ያምራል፣ ናሙናው ግን ከአገር አይወጣም። መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ ወይም ማሳ የምትጠቀሙ ከሆነ የማዕከሉን የስምምነት ደብዳቤ አብራችሁ አያይዙ።

ስታስገቡ የማብቂያ ቀኑ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውን አረጋግጡ፤ ሰዓቱንም እንዲሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር 11፡59 ፒ ኤም የተባለው በእኛ ከምሽቱ 5፡59 ነው፤ 5 ፒ ኤም የተባለው ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት። የዲንና የምርምር ጽሕፈት ቤቱን ፊርማ ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ፋይሉን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ከዚያ አውርዳችሁ የበጀት ሠንጠረዡ በሙሉ መታየቱን ገጽ በገጽ እዩ።