አሮጌ ማርቼዲስ ልትገዙ ነው? ከምልክቱ ተነሱ

አሮጌ ኤስ ክላስ አይታችሁ ልባችሁ ከሸፈተ አልፈርድባችሁም። በተለይ 126 የሚባለው ሞዴል ዛሬም ሲያልፍ ሰው ዞሮ ያየዋል። ከ1979 እስከ 1991 ነው የተመረተው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሴዳኑ ብቻ ከ800 ሺህ በላይ ወጥቷል። ኩሩ መኪና ነው። ግን አሁን የመጨረሻው እንኳ 30 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ያለበት ችግር እዚህ አገር ይጠገናል ወይስ አይጠገንም?

የኔ ግምት ይሄ ነው። ዓይን ውስጥ የሚገባው ችግር ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። መብራት በርቶ ሲያዩ፣ ሲነሳ ትንሽ ሲያጨስ፣ በሩ አልቆለፍ ሲል ገዢዎች ይሸሻሉ። ለእናንተ ግን ይሄ የመደራደሪያ ዕድል ነው። ኪስ የሚያራቁተው ዝም ያለው ነው፤ በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት፣ ትንሽ ዘግየት የሚል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ከሊብሬው ጋር የማይመሳሰል ቁጥር።

ሻጩ ዋጋ የማይቀንስበት ምክንያትም አለው። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። ስለዚህ ቀዝቀዝ ብላችሁ ተመልከቱ።

ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ

ቀጠሮ ስትይዙ "ሳይነሳ ጠብቁኝ" በሉ። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ከሞቀ በሌላ ቀን ተመለሱ። አሮጌ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ጠዋት በመጀመሪያው አነሳስ ነው።

ያጨሳል

ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ አድርጎ ወዲያው ከጠፋ፣ ቫልቭ ሲል የሚባለው ትንሽ ጎማ ደርቋል ማለት ነው። ዘይት ሌሊቱን በቫልቩ በኩል ተንጠባጥቦ ይገባል፤ ጠዋት ይቃጠላል። ጎበዝ መካኒክ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሳያወርድ ይቀይረዋል። ግዙ፣ ግን ዋጋ አስቀንሱ።

ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡትም ካልቆመ ነገሩ ሌላ ነው። የፒስተን ቀለበት ሊሆን ይችላል። መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ሞተር ማሠራት አለ። እዚህ ላይ እኔ ወደ ኋላ እላለሁ።

ጥቁር ጭስ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከ126 ዓይነቶች አንዱ የሆነው 280 ነዳጅ የሚረጨው በሜካኒካል ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው። ከፍታ የሚያስተካክል ክፍል ከሌለው ወይም ከተበላሸ መኪናው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካውን ነዳጅ ይረጫል፤ ያልተቃጠለው በማርሚታ ይወጣል። የጭስ መለኪያ ያለው ጋራዥ ውስጥ አንዲት ብሎን በትንሽ በትንሹ ማዞር ይበቃል። በነገራችን ላይ ጉልበቱም በዚሁ ከፍታ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። "500 ነው፣ ይበራል" ተብላችሁ ስትነዱት ዝግ ካለባችሁ ሁልጊዜ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም።

የኤቢኤስ መብራት በርቷል፣ ሞተሩም ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል

ይሄን ምልክት ወድጄዋለሁ። ኤቢኤስ ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል ነው። ከ1985 እድሳት በኋላ በወጡት ላይ በብዛት ይታያል። ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ይመስላሉ፤ ፍሬን አንድ ወገን፣ ሞተር አንድ ወገን። መካኒኩ አንዱን ሲነካካ ሌላው ይከተላል፤ ሂሳቡ ይረዝማል። ደላላው ደግሞ "አለቃ፣ ሴንሰር ናት፣ ምንም አይደለችም" ይላል።

ደላላው ስሙን ይሳሳት እንጂ ብዙም አልራቀም። ለሁለቱም ክፍል ኤሌክትሪክ የምትሰጥ አንዲት ሪሌ አለች፤ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ኮምፒውተሩን እንዳያቃጥል የምትከላከል። ከላሜራ የተሠራች ትንሽ ሳጥን ናት፤ አናቷ ላይ ቀይ የ10 አምፔር ፊውዝ ተሰክቷል። መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ ሳጥኗን ከፍታችሁ የተበየዱትን ነጥቦች በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ዓመታት የሞቀ ብየዳ ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ እንደገና ቢበይደው ሁለቱም ችግር አንድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። የሚሻለው ግን አዲስ ማስመጣት ነው። ዕቃዋ ቀላል ስለሆነች ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪሱ ውስጥ ይዟት ይገባል።

ይሞቃል

ውሃ ያለ ግፊት አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። መኪናው ውስጥ ያለው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ይፈላል። ስለዚህ ከርካሹ ጀምሩ፤ ክዳኑን ቀይሩ።

ቀጥሎ ፋኑ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅ ገፋ አድርጉት። ከበድ ብሎ መቆም አለበት። እንደ ልቡ ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አልቋል፤ ትራፊክ ላይ ይሞቅባችኋል። ይቀየራል፣ ያልቃል።

አደገኛው ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ሞተር ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ይበላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ (ሲሞቅ በፍጹም እንዳትሞክሩት!) ክዳኑን ክፈቱና ውሃውን ተመልከቱ። ቡናማ ዝገት፣ የዘይት ቅባት፣ ሲነሳም የማይቆም አረፋ ካያችሁ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) አልቆ ወይም ቴስታታው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ቴስታታው ወርዶ ይላጋል፤ ይቻላል። ግን ስንት ጊዜ እንደሞቀ የሚነግራችሁ የለም።

ካምቢዮው

ሙከራው ይሄ ነው። መኪናው ሞቆ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ከኒውትራል ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ። "አንድ" ብላችሁ ሳትጨርሱ ቀለል ብሎ መያዝ አለበት።

ወደ ፊት ስትነዱ ማርሽ ሲቀይር በኃይል ዱብ የሚያደርጋችሁ ከሆነ አትደንግጡ። ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ቀጭን የአየር ቱቦ አለ። ካምቢዮው ሞተሩ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያውቀው በሱ ነው። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ስትሰነጠቅ ካምቢዮው ሁልጊዜ ዳገት የሚወጣ ይመስለዋል፤ አጥብቆ ይቀይራል። ጎማዋ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ በልኳ የምትፈልጓት ዓይነት ዕቃ ናት። ቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይት ካገኛችሁ ግን ጫፉ ላይ ያለው ክፍል ውስጡ ተቀዷል፤ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው። እሱም በውጭ በኩል ይቀየራል።

የኋላ ማርሹ ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ዱብ ብሎ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ባዶውን የሚጮህ ከሆነ፣ ዘይቱን እዩት። ቀይ ወይም ቀላ ያለ መሆን አለበት። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ አልቋል። "ዘይት ቢቀየርለት ይስተካከላል" ሲሏችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ይሄን ካምቢዮ በትክክል ፈትቶ የሚገጥም ሰው ጥቂት ነው፤ የውስጥ ዕቃውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ጥሩ ሞተር ያለውን መኪና በካምቢዮ ምክንያት ልተው ብላችሁ እንዳታዝኑ። ተዉት።

ከሞተሩ ፊት የሚንኳኳ ድምፅ

ስምንት ሲሊንደር ባላቸው (380፣ 420፣ 500፣ 560) ብቻ ልብ በሉ። ሲነሳ ለቅጽበት ቢንኳኳ ምንም አይደል፤ ከቀጠለ ግን ሰንሰለቱ ላልቷል። ሰንሰለቱን የሚመሩት ፕላስቲኮች በሙቀት ደርቀው ይሰበራሉ። ስብርባሪው ሰንሰለቱ ሥር ከገባ ጥርስ ያዘልላል፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም በዚያች ሰከንድ ያበቃለታል። የቫልቭ ክዳኑ ተነስቶ ፕላስቲኮቹ ይታዩ። እንደ ቡና ጠቁረው ከሆነ ሰንሰለቱና ፕላስቲኮቹ አንድ ላይ ይቀየሩ፤ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሻጩ "ክዳን አላስነሳም" ካለ ሂዱ።

ዝገት

"ሙሉ ቀለም ተቀብቷል፣ አዲስ ነው" ሲባል ደስ አይበላችሁ። ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ነው የምትገዙት።

ከ1985 በኋላ የወጡት በጎናቸው ታች ሰፊ ፕላስቲክ አላቸው። ጭቃና እርጥበት ከኋላው ይቀመጣል። የአውሮፓን ክረምት ያሳለፈ መኪና ከሆነ ደግሞ የመንገድ ጨው አብሮ አለ። ከፕላስቲኩ በታች ጎንበስ በሉና ክሪክ የሚገባባቸውን አራት ቀዳዳዎች ፈልጉ፤ ክብ ክዳን አላቸው። ክዳኑን አውጡና ዙሪያውን በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ወጋ ወጋ አድርጉ። ጠንካራ ላሜራ ድምፅ ያሰማል። እንደ ካርቶን ከተቀበላችሁ ጎኑ በሙሉ አልቋል።

ከዚያ የኋላ መስታወት። የታችኛው ሁለት ማዕዘን ላይ ቀለሙ ካበጠ የሻንጣውን ምንጣፍ አንሱና ዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው ውሃ በመስታወቱ ዙሪያ ይገባል። ጠጋኙ መስታወቱን አውጥቶ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። "ስቱኮ እናደርግለታለን" የሚል ከሆነ አዲሱ ቀለም ሥርም ያደረገው እሱን ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውንና የበሮቹን ታች አዳርሱ። የማይያዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ወለል ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ይበየዳል። ጎኑም መስታወቱም ከበሰበሰ ግን ሞተሩ ወርቅ ቢሆን አልገዛውም።

ጥቃቅኖቹ

በሮቹ በአንድ ላይ አልቆለፍ ካሉ የሚቆልፋቸው አየር ነው፤ አንዱ ጎማ ተቀዷል። ርካሽ ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቆሞ ፍጥነት መለኪያው የሚሠራ ከሆነ ውስጡ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቃለች። የሚያሳየውን ቁጥር እርሱት፤ የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ እዩ።

ጎማው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2311 ካለ በ2011 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የፈረንጅ 2011 መሆኑን አትርሱ፤ በኛ 2003 ነው።

ወረቀቱ

የኋላው ኮፈን ላይ የተለጠፈው 560 ገበያ ላይ የሚሸጥ ጌጥ ነው። እውነተኛው ማንነቱ ሻንሲ ቁጥሩ ላይ አለ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ከደብሊው ዲ ቢ (WDB) ቀጥሎ 126 ይመጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ሞዴሉን ይናገራሉ። 022 ከሆነ 280፣ 036 ከሆነ 500፣ 039 ከሆነ ረጅሙ 560 ነው። ለአሜሪካ የተሠራው በፊደል ስለሚጻፍ አይሠራበትም።

ቁጥሩ ሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ ተመቷል። ላሜራው የተፈገፈገ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከመሰለ ባትሪ አብርታችሁ በጎን እዩት። ሊብሬው ላይ ካለው ሻንሲና ሞተር ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሞተር ተቀይሮ በሊብሬ ላይ ያልተስተካከለ ከሆነ ሻጩ ራሱ አስተካክሎ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም አረጋግጦ ይምጣ። ቀብድ ከዚያ በኋላ።