በአማርኛው ዊኪፔዲያ የመጀመሪያውን እርማት እንዴት እንሠራለን?

ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2001 ጀምሮ ማንኛውም ሰው እንዲጽፍበትና ሌላው የጻፈውን እንዲያርምበት ክፍት ሆኖ የቆየ መዝገበ ዕውቀት ነው። በሩ ለሁሉም መከፈቱ ግን ደንብ የሌለው ያስመስለዋል። አንድ ጀማሪ ስለ ትውልድ ከተማው የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ምሽት ጽፎ ያስቀምጣል፤ በማግስቱ ሲመለስ ጽሑፉ ተነሥቶ ያገኘዋል፤ ምክንያቱ ሳይገባው ተቀይሞ በዚያው ይቀራል። ጽሑፉ የተነሣው አብዛኛውን ጊዜ በጥላቻ ወይም በንቀት አይደለም። የዊኪፔዲያ ደንቦች ቢዘረዘሩ ብዙ ገጽ ይሞላሉ፤ ጀማሪውን የሚያሰናክሉት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም «ይህን ማን አለ? የት ታትሞ ይገኛል?» ከሚል አንድ ጥያቄ የሚመነጩ ናቸው። ለዚህ ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ብዙ አይቸገርም።

መለያ ስም ማውጣት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም። እውነተኛ ስምዎን መጠቀም ግዴታ አይደለም። የድርጅት ወይም የማኅበር ስም ግን ለመለያነት አይመረጥም፤ አንድ መለያ የአንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ይጠበቃልና። ሳይመዘገቡ ማረም ቢቻልም፣ የተመዘገበ ሰው የሠራውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያያል፣ የሚከታተላቸውን ገጾች ይመርጣል፣ ሌሎች አርታዒዎችም በውይይት ገጹ ላይ መልእክት ሊተዉለት ይችላሉ። ከመለያው ጋር የራስዎ የሙከራ ገጽ ሊኖርዎ ይችላል፤ እዚያ የፈለጉትን ቢያበላሹ የሚቆጣዎ የለም።

ከአዲስ መጣጥፍ አይጀምሩ

አብዛኛው ጀማሪ የሚመኘው አዲስ መጣጥፍ መክፈት ነው። በእኔ ግምት ከዚህ የከፋ አጀማመር የለም፤ አዲስ መጣጥፍ ሁሉንም ደንቦች በአንድ ጊዜ ይጠይቃልና። ከዚያ ይልቅ በደንብ ስለሚያውቁት ቦታ ቀድሞ የተጻፈ ገጽ ይክፈቱና አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያቃኑ።

ለምሳሌ ያህል ስለ ደብረ ማርቆስ የተጻፈ ገጽ «ደብረ ማርቆስ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ እጅግ ውብና በፍጥነት እያደገች ያለች ከተማ ናት» ብሎ ይጀምራል እንበል። የደብረ ማርቆስ ልጅ በዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት ላያገኝ ይችላል፤ ጅግጅጋ ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን ስለ ከተማዋ ምንም አላወቀም፣ የተባለውንም ሊያጣራው አይችልም። በምትኩ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ደብረ ማርቆስ በአማራ ክልል የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 62,497 ነዋሪዎች ተቆጥረውባታል።» እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሚጠራጠር ሰው የት ሄዶ እንደሚያረጋግጣቸው ማሳየት ይቻላል፤ ለመጨረሻው የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ያሳተመው የቆጠራ ውጤት አለ። የውበቷ መጠን ግን በየትም መዝገብ አልሰፈረም።

ቁጥሩን ያየ ሰው «ይህማ አርጅቷል፣ ከተማዋ ዛሬ ስንት እጥፍ ሆናለች» ብሎ በግምት ሌላ ቁጥር ለመተካት ይፈተናል። ይህን አያድርጉ። ዓመተ ምሕረቱ አብሮት የተጻፈ ቁጥር ከተማዋ ብታድግም ስሕተት አይሆንም። ኤጀንሲው በኋላ ያወጣው ትንበያ ካለ፣ ትንበያ መሆኑንና ዓመቱን ጠቅሰው ከቆጠራው ቀጥሎ ያስቀምጡት፤ የቆጠራው ቁጥር በቦታው ይቆይ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ገጹን ለማረሚያ ይከፍቱታል፤ ዓረፍተ ነገሩን ካስተካከሉ በኋላ ጠቋሚውን ከአራት ነጥቡ ቀጥሎ ያሳርፉና የምንጭ ማስገቢያውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ በሚከፈተው ሠንጠረዥ ላይ የጸሐፊውን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የጽሑፉን ርእስ፣ አሳታሚውን፣ ዓመቱንና ገጹን ይሞላሉ። የገጽ ቁጥር የሌለው የመጽሐፍ ጥቅስ ግማሽ ጥቅስ ነው፤ አንባቢ አራት መቶ ገጽ እንዲያገላብጥ አይፈረድበትም። ከማስቀመጥዎ በፊት ከታች ባለው የማጠቃለያ ሣጥን ውስጥ የሠሩትን በአጭሩ ይጻፉ፤ «የሕዝብ ቁጥር ከ1999 ቆጠራ አስገባሁ፣ ምንጭ የሌላቸውን ቅጽሎች አነሣሁ» ማለት ይበቃል። ይህ ማጠቃለያ በገጹ ታሪክ ላይ ለዘለቄታው ስለሚቀመጥ፣ በኋላ የሚመጣ አርታዒ ለምን እንዳነሡ ሳያውቅ እንዳይመልሰው ይረዳል።

በሠንጠረዡ ላይ የአበሻ ስም ሲሞሉ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጹ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ስለሆነ፣ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከጻፉት ጥቅሱ ተገልብጦ ይወጣል፣ ደራሲውም በአባቱ ስም ይጠራል። የኢትዮጵያዊ ደራሲን ሙሉ ስም እንደ ቅደም ተከተሉ በአንድ መስመር ላይ መጻፍ ይሻላል።

ዘመን አቆጣጠር

በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ጀማሪን እንደ ዘመን አቆጣጠር የሚያሳስተው ነገር ያለ አይመስለኝም። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው 1896ን ወስዶ «ዓ.ም.» ሲቀጥልበት ጦርነቱ ስምንት ዓመት ወደፊት ይገፋል። ሁልጊዜ ስምንት መቀነስም መፍትሔ አይሆንም። ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ነው፤ በደፈናው ስምንት የቀነሰ ሰው 1922 ብሎ ይጽፋል፣ ትክክለኛው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ምንጩ ዓመቱን ብቻ ሰጥቶ ወሩን ካልነገረዎ አይቀይሩት፤ «እ.ኤ.አ.» ብለው እንዳለ ይተዉት።

ምንጭ የሚባለውና የማይባለው

አመኔታ የሚጣልበት ምንጭ ማለት ከመታተሙ በፊት ከጸሐፊው ሌላ ሰው ያየውና ያረመው ጽሑፍ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች፣ በታወቀ አሳታሚ የወጡ መጻሕፍት፣ እንደ አዲስ ዘመን ያሉ ጋዜጦች፣ ለሕግ ጉዳይ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ለቁጥር የቆጠራ ውጤቶች ከዚህ ይመደባሉ። ምንጩ የግድ ኢንተርኔት ላይ መገኘት አያስፈልገውም፤ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር መደርደሪያ ላይ ያለ የቆየ ጋዜጣ ቀኑና ገጹ ከተጠቀሰ በቂ ነው፤ እንዲያውም የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትልቁ ድኽነት እንዲህ ያለው ምንጭ በብዛት አለመጠቀሱ ነው። የፌስቡክ ጽሑፍ፣ የቴሌግራም ቻናልና የዩቲዩብ ትረካ ግን የቱንም ያህል ተከታይ ቢኖራቸው አይቆጠሩም። ራሱ ዊኪፔዲያም ለዊኪፔዲያ ምንጭ አይሆንም። አንዳንድ ድረ ገጾች ከእሱ የገለበጡትን ምንጩን ሳይጠቅሱ ስለሚያወጡ፣ ቃል በቃል የሚመሳሰል ነገር ሲያዩ ማን ከማን እንደቀዳ ይመርምሩ።

የሚከብደው የቃል ታሪክ ነው። አያትዎ ስለ ቀበሌው ቤተ ክርስቲያን አተካከል የነገሩዎ ታሪክ በየትም ያልተጻፈና ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በቀጥታ ወደ መጣጥፉ አይገባም፣ አንባቢው አያትዎን ሊጠይቃቸው አይችልምና። ይህ ደንብ ዕውቀቱ በአብዛኛው በአፍ በሚተላለፍበት አገር ላይ እንደሚጫን አይካድም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ላይም በህንድና በደቡብ አፍሪካ በቃል የተቀዳ ምስክርነትን እንደ ምንጭ ለመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ብዙ አከራክሯል። አሁን ባለው አሠራር መንገዱ ታሪኩን ቀድሞ ሌላ ቦታ ማሳተም፣ ወይም የሰበሰበው ተመራማሪ ካለ የእሱን ጽሑፍ መጥቀስ ነው።

ገለልተኛነት በአማርኛ

ገለልተኛ መሆን ማለት ሁሉን ነገር በግማሽ መክፈል ሳይሆን፣ ማን ምን እንዳለ ለይቶ መጻፍ ነው። «የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት መላእክት አግዘው አነጿቸው» ብሎ መጻፍ ሃይማኖታዊውን ትውፊት የመዝገበ ዕውቀቱ ቃል ያደርገዋል፤ «ይህ ተረት ነው» ብሎ ማንሣትም አንባቢው ማወቅ የሚገባውን ይነፍገዋል። «በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ንጉሥ ላሊበላ በመላእክት እርዳታ አነጻቸው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው ሥራውን ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ ጋር ያያይዙታል፤ ከፊሎቹ ቀድመው የተጀመሩ ናቸው የሚሉ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎችም አሉ» ብሎ መጻፍ ግን ሦስቱንም ወገኖች በየስማቸው ያስቀምጣል። ስለ ወሰን፣ ስለ ብሔርና ስለ ጦርነት ጉዳት በሚጻፉ ገጾች ላይ ሁሉ ይኸው ነው የሚሠራው፤ ጀማሪ ግን እነዚህን ገጾች ልምድ እስኪያገኝ ባይነካቸው እመክራለሁ።

አማርኛ የራሱ የሆነ ፈተናም አለው። «ጀግናው»፣ «የምንወዳቸው»፣ «ዕውቁ» የሚሉት ይቅሩ። አንቱታው ግን ውዳሴ ሳይሆን የቋንቋው ሥርዓት ነው፤ ስለ አንድ ሰው «ተወለዱ» ብለው ከጀመሩ እስከ መጨረሻው በዚያው ይዝለቁ።

ስለ ራስዎ፣ ስለ ቤተሰብዎ ወይም ስለሚሠሩበት ድርጅት አይጻፉ። በክፍያ የሚጽፍ ሰው ከፋዩን በግልጽ እንዲያሳውቅ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የአጠቃቀም ውል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያስገድዳል። በሕይወት ስላለ ሰው የሚያስነቅፍ ነገር ያለ ጠንካራ ምንጭ ተጽፎ ካገኙ ደግሞ ውይይት ሳይጠብቁ ያንሡት።

የሰው ጽሑፍ

ምንጭ መጥቀስ ለመገልበጥ ፈቃድ አይሰጥም። ከጋዜጣ የወሰዱትን አንቀጽ ምንጩን ቢጠቅሱም እንዳለ መለጠፍ አይፈቀድም፤ ሐሳቡን በራስዎ አማርኛ ይጻፉት። በኢትዮጵያ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ድረስ ይጠበቃል። የሰው ፎቶግራፍም እንዲሁ ያለ ፈቃድ አይወሰድም፦ ራስዎ ያነሡትን የዊኪፔዲያ ሥዕሎች ወደሚቀመጡበት ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ያስገቡ፣ ከፌስቡክ ያገኙትን ይተዉት። ከሌላ ቋንቋ ዊኪፔዲያ መተርጎም የተፈቀደ ቢሆንም፣ ከየትኛው ገጽ እንደተረጎሙ በማጠቃለያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። የማሽን ትርጉም ሳይታረም ማስገባት ግን ለሚቀጥለው አርታዒ ከባዶ ገጽ የበለጠ ሥራ ይፈጥራል።

አዲስ መጣጥፍና ክርክር

አዲስ ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ርእሱን በተለያየ አጻጻፍ ይፈልጉ። «ኃይለ ሥላሴ»፣ «ሀይለ ሥላሴ»፣ «ሃይለስላሴ» ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ፣ ስለ አንድ ሰው ሁለት ገጽ ሊከፈት ይችላል። አንዱን አጻጻፍ ርእስ አድርገው ከሌሎቹ ወደ እሱ መምሪያ (አንባቢውን ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ ገጽ) ይሥሩ፤ በመጨረሻም ገጹን በተገቢው መደብ፣ ማለትም ተመሳሳይ ገጾች በሚሰበሰቡበት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። ርእሱ ራሱን የቻለ ገጽ እንዲኖረው ከባለቤቱ ነጻ የሆኑ ሰዎች በስፋት የጻፉባቸው፣ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ምንጮች ይኑሩት።

የጻፉት ከተመለሰ፣ ማለትም ሌላ አርታዒ እርማትዎን ሽሮ ገጹን እንደ ቀድሞው ካደረገው፣ እርስዎም መልሰው አይሻሩበት። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የመለሰ ሰው ሊታገድ ይችላል፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ አርታዒዎች ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ እንዲህ ያለ እልህ የበለጠ ይጎዳል። የገጹን ታሪክ ከፍተው የመለሰውን ሰው ምክንያት ያንብቡ፣ ከዚያም በውይይት ገጹ ላይ ምንጭዎን አቅርበው በአራት የማዕበል ምልክት (~~~~) ይፈርሙ። መልስ ለማግኘት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ይታገሡ።

መጣጥፍዎ ላይ የመሰረዝ ሐሳብ ከቀረበ ማስታወቂያውን አይንቀሉት። በውይይቱ ላይ ምንጮችዎን ይዘርዝሩ፤ ለጊዜው ምንጭ ካላገኙ ረቂቁ ወደ ራስዎ የሙከራ ገጽ እንዲዛወር አስተዳዳሪዎቹን ይጠይቁ፣ ምንጭ ሲያገኙም ከዚያው አንሥተው ይመልሱታል።